የአባቴ ማሲ ፈርጉሰን ሞዴሉ ስንት ነው? ፍሪሲዮን ልገዛለት ነው

ጠያቂ፣ ከአርሲ፦
ሰላም ወገኖች። አባቴ በጃንሆይ ዘመን የገዛው ማሲ ፈርጉሰን ትራክተር አለን። እስካሁን የስንዴ ማሳችንን የሚያርሰው እሱ ነው። አሁን ፍሪሲዮኑ አለቀ። መለዋወጫ ቤት "135 ነው 165? ካምቢዮውስ ባለ ስንት ማርሽ?" አሉኝ። የቁጥሩ ሳህን ወልቋል፤ ኮፈኑም ስለተቀባ ጽሑፉ ጠፍቷል። በምን ልለየው?

ናፍጣ፦
ከናፍጣ ፖምፓው ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚሄዱትን ቀጫጭን ቱቦዎች ቁጠር፤ ለአንድ ፒስተን አንድ ቱቦ ነው። የ135 ሞተር ባለ ሦስት ፒስተን ፐርኪንስ ነው። 165 ግን አራት አለው።

የባሌ ልጅ፦
ሦስት መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ 240ም ባለ ሦስት ነው። ግን እሱ የመጣው ዘግይቶ ነው። 135 የተመረተው እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1975 ስለሆነ ከአባትህ ጊዜ ጋር ይገጥማል። የቀደመው 35 ኮፈኑ ክብ ክብ ይላል፤ የ135 ግን ማዕዘን አለው።

ጠያቂ፦
ሦስት ቱቦ ነው፤ ኮፈኑም ማዕዘን አለው። ዋናው ማርሽ ሦስት ወደፊት፣ አንድ ወደኋላ ይገባል። ሌላኛው እጀታ ከባድና ቀላል ያደርገዋል። ዳሽቦርዱ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ማንሻ አለች። አባቴ "ቁልቁለት ላይ እንዳትነካት" ይለኛል።

መካኒክ፣ ከአዳማ፦
እንግዲያው 135 ነው፤ ማንሻዋም መልቲ ፓወር ናት። ያለ እሷ ስድስት ወደፊት፣ ሁለት ወደኋላ ይሆን ነበር። እሷ እያንዳንዱን ማርሽ ለሁለት ስለምትከፍል 12 ወደፊት፣ 4 ወደኋላ ይሆናል። ባለ ስምንት ማርሽ የሆነም 135 አለ፤ የእሱ ዋና ማርሽ ግን አራት ወደፊት ነው።

አባትህን ስማ! መልቲ ፓወር ዝቅተኛው ላይ ሲሆን ሞተሩ ትራክተሩን አይዝም። ቁልቁል ሲወርድ ዝም ብሎ ይንደረደራል፤ ጋሪ ጭኖ ከሆነ ደግሞ ሰው ይጨርሳል። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከፍተኛው ላይ አድርገው። ሞተሩን ስታጠፋም በማርሽ ብቻ አትተወው። የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ጎማው ስር ድንጋይ አድርግ።

ናፍጣ፦
ፍሪሲዮኑም ነጠላና ድርብ አለው። ማርሽ ሳታስገባ ፒቲኦውን (ከኋላ ሌላ መሣሪያ የሚያዞረውን ዘንግ) አስነሳ፤ ሰው ከዘንጉ ይራቅ። ፔዳሉን እስከ ግማሽ ስትረግጥ ካልቆመ፣ እስከ ታች ስትረግጥ ብቻ ከቆመ ድርብ ነው። አሮጌውን ዲስክ ሳትይዝ ግን ገንዘብ እንዳትከፍል። ስፋቱንና ጥርሱን እዚያው አስተያይ።