ስለ ፒአይኬ3ሲኤ ጂን የሚያስረዳኝ እፈልጋለሁ

ደብረ ብርሃን የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የታላቅ እህቴ የጡት ዕጢ ምርመራ ውጤት «ፒአይኬ3ሲኤ፣ ኤች1047አር» ይላል፤ ጋቢ ተከናንቤ ወረቀቱን ሳገላብጥ አደርኩ። ጂኑ የሚሠራው ኢንዛይም በሴል ሽፋን ስብ ላይ ፎስፌት እየለጠፈ ኤኬቲ የተባለውን ፕሮቲን እንደሚጠራና ሴሉን «እደግ፣ ተባዛ» እንደሚለው፣ ፒቴን የተባለው ሌላ ኢንዛይም ደግሞ ያንኑ ፎስፌት እንደሚነቅል ገብቶኛል። ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው፦ ፒቴን ጤነኛ ከሆነ ለምን ነቅሎ አይጨርስም? ኤች1047አር ማለት 1047ኛው ቦታ ላይ ሂስቲዲን የተባለው አሚኖ አሲድ አርጂኒን በተባለው ተተክቷል ማለት ነው፤ ታዲያ ይህ መተካቱ ብቻ ኢንዛይሙን ይህን ያህል የሚያነቃው በምን መንገድ ነው?

እናቴ «ከእኔ ደም የመጣ ነው ወይ?» እያለች በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ለውጡ አብዛኛውን ጊዜ ዕጢው ውስጥ የሚፈጠር እንጂ የሚወረስ አይደለም አልኳት፤ ተማሪዎቼ የሚያምኑኝን ያህል እንኳ አላመነችኝም። ለእርሷም ለእኔም በሚገባ አማርኛ የምታስረዱኝ፣ እባካችሁ።