የቡና ገዢዎች አድራሻ ተዘበራርቆብኛል፣ ለኢሜይል እንዴት ላደራጀው?

የፈረንጅ አራዳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ጅማ ውስጥ ቡና ወደ ውጭ በሚልክ አነስተኛ ድርጅት ነው የምሠራው። ዘንድሮ የገዢዎቻችንን አድራሻ የማስተካከል ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። አድራሻው ግን አንድ ቦታ የለም። ግማሹ አለቃዬ ከኤግዚቢሽን ያመጧቸው ቢዝነስ ካርዶች ናቸው፤ በላስቲክ ታስረው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሌላው ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ የሠራችው ኤክሴል ላይ ነው። የቀረው አለቃዬ ስልክ ውስጥ አለ፤ "ጀርመኑ"፣ "ጀርመኑ 2"፣ "ናሙና የወሰደው" እየተባለ ተመዝግቧል።

አለቃዬ አዲሱ ቡና ሲደርስ ለሁሉም አንድ ደብዳቤ ላኪ ይሉኛል። የታጠበ የሊሙ ቡና ለሚፈልግ ሰው ስለ ደረቁ የጅማ ቡና ብጽፍለት ምን ያደርግለታል? ለየፍላጎታቸው መጻፍ እፈልጋለሁ። ምን ምን ኮለም ልክፈት? አንድ ሰው ሦስት ቦታ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሲገኝስ? ሶፍትዌር መግዛት የግድ ነው? የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

አጂፕ ሰፈር፦
እህቴ፣ አያያዝሽ ጥሩ ነው፤ ለሁሉም አንድ ደብዳቤ አትላኪ። እኔ እዚሁ ከተማ ለቡናና ለማር ነጋዴዎች ይሄንኑ ሥራ ነው የምሠራው።

ሶፍትዌሩን ለጊዜው ተዪው። ኤክሴልሽንም ዝጊው። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ልትልኪያቸው የምትፈልጊያቸውን ደብዳቤዎች በአጭር በአጭሩ ጻፊ። ኮለሙ የሚወጣው ከደብዳቤው ነው። አንድ ኮለም የደብዳቤሽን አንድም ቃል ወይም የምትልኪበትን ቀን የማይለውጥ ከሆነ አያስፈልግሽም። የገዢውን ፋክስ ቁጥር መሙላት ጊዜ መጨረስ ነው።

ለምሳሌ ራሱ ቆልቶ የሚሸጥ ትንሽ ድርጅትና ትልቅ አስመጪ አንድ አይደሉም። አስመጪው በኮንቴይነር ነው የሚያስበው። ባለ 20 ጫማው ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ ጆንያ 320 ገደማ ይይዛል። ራሱ ቆልቶ የሚሸጠው ትንሹ ግን አሥር ጆንያ ነው የሚፈልገው፤ ቡናው ከጌራ ወረዳ ይሁን ከጎማ ወረዳ፣ ማን እንዳጠበው፣ ሲቀመስ ምን እንደሚል ማወቅ ይፈልጋል። ስለዚህ "የገዢ ዓይነት" እና "መጠን" የሚሉ ኮለሞች ያስፈልጉሻል። "የታጠበ ወይስ ደረቅ" የሚለው ሦስተኛው ነው። አገርም የግድ ነው። የአውሮፓ ገዢ በደን ጭፍጨፋ ሕጋቸው ምክንያት ቡናው የበቀለበትን ማሳ የጂፒኤስ ነጥብ ይጠይቅሻል፤ ለእሱ በምትጽፊው ደብዳቤ ይሄ ከላይ መግባት አለበት። የሳዑዲው ደግሞ ዓርብና ቅዳሜ አይሠራም። ሐሙስ ማታ ብትልኪለት እሑድ ከሌላው ክምር ሥር ነው የሚያገኘው።

አሁን በጣም አደራ የምልሽ ሁለት ኮለሞች አሉ። አንዱ "ከየት መጣ" ነው። ካርዱን በየትኛው ኤግዚቢሽን፣ በስንት ዓ.ም.፣ ማን ተቀበለ? ወይስ ሰውየው ራሱ ነው የጻፈልን? ይሄን ካላወቅሽ የደብዳቤሽን የመጀመሪያ መስመር እንኳ መጻፍ አትችዪም። ሁለተኛው "ፈቅዷል ወይ" ነው። ደብዳቤ አትላኩልኝ ያለሽን ሰው ከዝርዝሩ አትሰርዢው። "አይላክ" ብለሽ ምልክት አድርጊበት። ከሰረዝሽው አለቃሽ በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ካርድ ያመጡልሽና እንደ አዲስ ሰው ትመዘግቢዋለሽ። ሰውየውም ሁለተኛ ጊዜ አይታገስሽም።

ስለ ድግግሞሹ፦ መለያሽ ስም አይሁን፣ ኢሜይሉ ይሁን። ሁሉንም በትንሹ ፊደል አድርጊው፣ ከፊትና ከኋላ የቀረ ባዶ ቦታ ካለ አጥፊው፣ ከዚያ በኋላ ነው የተደጋገመውን አስወግድ ማለት ያለብሽ። ስም ላይ ከተማመንሽ ጉድ ነው። ፀሐይ በጸሎቱ ጸ ተጽፎ ስታገኚው ኤክሴል ሌላ ሰው ነው የሚመስለው። ጫልቱ በቁቤ በሲ ይጀምራል፣ በእንግሊዝኛው አጻጻፍ ደግሞ በሲና በኤች። ለማሽኑ ሁለት ሴቶች ናቸው።

ቀንን በተመለከተ በአንድ አቆጣጠር ብቻ ጻፊ። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። አንቺ ናሙና የተላከበትን 2017 ብለሽ በእኛ ከሞላሽ፣ ፊልተር ስታደርጊ ደንበኛው ብዙ ዓመት የቆየ ሆኖ ይወጣል። ትናንት ያዘዘሽ ሰው ከተረሱት ጋር ይመደባል።

የአጋሮ ልጅ፦
አጂፕ ሰፈር ዋናውን ብሎታል። እኔ የመላኩን ነገር ልጨምር።

ስልክ ቁጥር ከመለጠፍሽ በፊት ኮለሙን ቴክስት አድርጊው፤ አለዚያ ኤክሴል ከ09 እና ከ07 ፊት ያለችውን ዜሮ ይበላታል። በአማርኛ የሞላሽው ካለ ደግሞ ፋይሉን ሲኤስቪ በሚባለው ዓይነት ሴቭ ስታደርጊ ዩቲኤፍ 8 የሚለውን ምረጪ። አለዚያ ፊደሉ ሁሉ ጥያቄ ምልክት ይሆናል።

በነፃው ጂሜይል በቀን ለ500 ሰው ነው መላክ የሚቻለው። ለእናንተ ይበቃል። ግን ሁሉንም አድራሻ ሲሲ ውስጥ አትደርድሪ! ገዢዎቻችሁ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፣ ተፎካካሪም ዝርዝሩን በነፃ ይወስዳል። ሜይል ሜርጅ በሚባለው፣ ስምና አድራሻውን ከዝርዝርሽ እየወሰደ በሚሞላው መንገድ ለእያንዳንዱ ለብቻው ይላክ። በድርጅቱ ስም ዶሜይን ካላችሁ ኢሜይሉ በእርግጥ ከእናንተ መላኩን የሚያረጋግጡት ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ የሚባሉት መስተካከላቸውን ባለሙያ ያይላችሁ። ጎግልና ያሁ በፈረንጁ ከ2024 የካቲት ጀምሮ በዚህ ጠበቅ አድርገዋል። ስፓም (ያልተፈለገ መልእክት) ነው ብሎ የሚከስሽ ሰው ከ0.3 በመቶ በታች እንዲሆን ጎግል ይፈልጋል። ዝርዝርሽ ትንሽ ሲሆን ጥቂት ሰው ብቻ ስፓም ቢልሽ እዚያ ትደርሻለሽ። ስለዚህ የማይፈልግ ሰው አለመያዝ ለራስሽ ነው።

ተመልሶ የመጣ ኢሜይልም "ተመልሷል" ተብሎ ይመዝገብ። ደጋግመሽ አትላኪበት።

የፈረንጅ አራዳዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ሁለት ነገር ልጠይቅ። ኤክሴሉ ላይ ስሙ ለሁለት ተከፍሏል፣ የመጀመሪያ ስምና የአባት ስም ተብሎ። ደብዳቤው ላይ በየትኛው ልጥራቸው? ሌላው፣ ከመሳቢያው ካርዶች ብዙዎቹ ፈቃድ የሰጡ ሰዎች አይመስሉኝም። አለቃዬ ግን "ካርዱን በእጁ ሰጥቶኛል እኮ" ይሉኛል።

አጂፕ ሰፈር፦
ስሙን ለማሽኑ አትተዪለት። "ሰላምታ" የሚል ኮለም ክፈቺና በእጅሽ ሙዪው። ጀርመኑን በቤተሰብ ስሙ ነው የምትጠሪው። ጃፓኑ ካርዱ ላይ የቤተሰብ ስሙን ሊያስቀድም ይችላልና ተጠንቀቂ፤ ስሙ ላይ የአክብሮት ቃላቸውን "ሳን" ጨምሪበት። የእኛን ሰው በቤተሰብ ስም ብለሽ ከጠራሽው ግን አባቱን ነው ሰላም ያልሽው። አዲስ አበባ ያለው የገዢው ወኪል አቶ ከበደ ከሆነ "አቶ ከበደ" ብለሽ ሙዪው። ሥራው ግማሽ ቀን አይፈጅም፣ ደብዳቤው ግን የሰው ደብዳቤ ይሆናል።

የአለቃሽን ነገር ግን ሕግ ለሚያውቅ ልተውለት።

ሕግ ነክ፦
ካርድ መስጠት ጻፉልኝ ማለት ሊሆን ይችላል፣ በየወሩ ማስታወቂያ ላኩልኝ ማለት ግን አይደለም። በእኛም አገር የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ነው የሚውለው። አውሮፓ ላለ ሰው ስትሸጪ ደግሞ በፈረንጁ ከ2018 ጀምሮ የሚሠራው የእነሱ የመረጃ ጥበቃ ደንብ እዚህ ጅማ ድረስ ይደርሳል። የአሜሪካው ሕግ ለዘብ ይላል፤ ሳታስፈቅጂ ብትጽፊም የድርጅቱ የፖስታ አድራሻ ደብዳቤው ላይ መኖር አለበት፣ አቁሙ ያለሽንም ሰው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ማቆም አለብሽ። ለየአገሩ ሁለት ዓይነት አሠራር ከመያዝ ጠንከር ያለውን ለሁሉም ተጠቀሚ።

አጂፕ ሰፈር፦
ለመሳቢያው ካርዶች እንዲህ አድርጊ። ለእያንዳንዳቸው አንድ አጭር ደብዳቤ ብቻ ጻፊ፣ ዋጋ የሌለበት። "ካርድዎን ለሥራ አስኪያጃችን በእገሌ ኤግዚቢሽን ሰጥተው ነበር። ዘንድሮ ከጌራ የታጠበ ቡና አለን። ናሙና ሲደርስ እንድናሳውቅዎ ይፈልጋሉ?" በይ። የተገናኙበትን ቦታ አለቃሽን ጠይቂያቸው፤ ላስቲኩን ፈትተው ካርዶቹን አንድ በአንድ ሲያዩ ብዙው ይታወሳቸዋል፣ አንቺ አጠገባቸው ሆነሽ "ከየት መጣ" ላይ ትሞዪዋለሽ። እሺ ያለው "ፈቅዷል" ይባል፣ ቀኑም ይጻፍ። ዝም ያለውን "አይላክ" በዪው።

ለቀማው ጥቅምት ላይ ነው የሚጀምረው። ናሙና እስኪደርስ ጊዜ አለሽ፣ ደብዳቤውን አሁን ላኪ።