የመራዊ አቮካዶ ገዢ አጣን፣ የምታውቁ እርዱን

ሰላም ወገን እንዴት ናችሁ፣ እኔ ከመራዊ ነኝ፣ ቆጋ መስኖ ላይ አባቴና ጎረቤቶቹ 14 ሆነው አቮካዶ አላቸው፣ ሀስ የሚባለው ዝርያ። ዩሪያም ኬሚካልም ነክቶት አያውቅም፣ ፍግና ኮምፖስት ብቻ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ደላላው ማሳ ድረስ መጥቶ «አቮካዶ ያው አቮካዶ ነው» ብሎ ከሌላው ጋር ጆንያ ውስጥ ይሞጅረዋል።

ባለፈው ራሳችን እንሽጠው ብለን በአይሱዙ ባህር ዳር ወሰድነው፣ ልጆቹ ለካ ዛፉን በዱላ እያራገፉ ነው ያወረዱት፣ ከ3 ቀን በኋላ ሲቆረጥ ውስጡ ጠቁሮ ጁስ ቤቱ ግማሹን መለሰብን። አባዬ እስካሁን የዛን ቀን ነገር ሲነሳ ይነሳል ከቤት ይወጣል። አሁንማ በመቀስ ነው ትንሽ ዘንግ አስቀርተን የምንቆርጠው፣ የምንይዘውም በሳጥን።

የተቸገርኩት የኦርጋኒክ (ያለ ኬሚካል የተመረተ ነው የሚለው) ሰርተፍኬት ላይ ነው። ለአውሮፓ ከሆነ ለፍራፍሬ ዛፍ የ3 ዓመት የሽግግር ጊዜ (ኦርጋኒክ ተብሎ ከመሸጡ በፊት በህጉ መሰረት የሚለማበት) አለው፣ በግል ወጪው አይቻልም፣ በቡድን ደግሞ የአውሮፓ ህብረት የኦርጋኒክ ህግ (2018/848) ህጋዊ ሰውነትና የውስጥ ቁጥጥር ይጠይቃል። ከእኛ ውጪ ያለው አጎራባች ማሳ ደግሞ ኬሚካል ይረጫል፣ ቦዩ አንድ ነው፣ ይሄስ ይጥለን ይሆን?

በህብረት ስራ ወይ በዩኒየን በኩል የሞከራችሁ ካላችሁ ከየት ጀመራችሁ? አዲስ አበባ ላይስ ያለ ሰርተፍኬት ማሳውን መጥቶ አይቶ የሚገዛ ሆቴል ወይ ሱፐርማርኬት ይኖራል? ሀስ ዛፍ ላይ እያለ ስለማይበስል ትንሽ መጠበቅ እንችላለን፣ ግን ደላላው ሰኞ እመጣለሁ ብሏል።