ማታ ሁለት ሰዓት ገብቼ ለልጆቼ ምን ላብስል? ፖስተኛ ነኝ፣ ጾምም ነው

የሁለት ልጆች እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም እህቶቼ፣ ወንድሞቼ።

እዚህ ሜሪላንድ ደብዳቤና ዕቃ በየቤቱ አድላለሁ። አምስተኛ ዓመቴ ነው። ሥራዬን እወደዋለሁ። ሰው በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ ደስ ይለኛል። የሚከብደኝ ይሄ ሰሞን ነው። ፈረንጆቹ ለገናቸው ስጦታ የሚላላኩበት ጊዜ ስለሆነ መኪናዬ እስከ ጣራው ድረስ በካርቶን ይሞላል። በዚያው ሰሞን ኅዳር 15 ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል። የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 ነውና ጾሙና የዕቃው ብዛት በየዓመቱ አንድ ላይ ይመጡብኛል።

ቀኔን ልንገራችሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቆሜ ደብዳቤውን በየቤቱ ቅደም ተከተል እደረድራለሁ። ከዚያ ጭኜ እወጣለሁ። የምነዳት መኪና መሪዋ በቀኝ በኩል ነው፤ መንገድ ዳር ያለው ሳጥን ላይ ከመቀመጫ ሳይነሱ ለመድረስ ነው እንደዚያ የተሠራችው። የእኔ ሰፈር ግን አብዛኛው በእግር ነው። ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አንግቼ ደረጃ ስወጣ ስወርድ እውላለሁ። ቦርሳው እስከ 35 ፓውንድ ይይዛል፣ ወደ 16 ኪሎ መሆኑ ነው። አንድ ካርቶን ደግሞ ብቻውን እስከ 70 ፓውንድ ሊመዝን ይችላል። አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ግንባሬ ላይ መብራት አስሬ የቤት ቁጥር እያነበብኩ ነው የምጨርሰው።

ቤት ስገባ ማታ ሁለት ሰዓት ይሆናል። ልጆቼ ዘጠኝና ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ከሦስት ሰዓት በፊት መተኛት አለባቸው። ባለቤቴ የሌሊት ፈረቃ ስለሚሠራ እኔ ስገባ እሱ ይወጣል። በር ላይ ነው የምንገናኘው። ከትምህርት ቤት ያመጣቸዋል፣ የቤት ሥራ ያሠራቸዋል፣ ገላቸውን ያጥባቸዋል። ወጥ ግን አይሆንለትም። ሞክሯል።

በፍስክ ጊዜ እንቁላል እጠብሳለሁ፣ ያልፋል። ባለፈው ሳምንት ግን ሦስት ቀን ተከታትዬ ፓስታ በቲማቲም አበላኋቸው። በሦስተኛው ቀን ትንሿ ሳህኑን አየችና፣ «እማዬ፣ የእኛ ምግብ መቼ ነው?» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ።

ጓዳዬ እኮ ባዶ አይደለም። እናቴ በሰው እጅ የላከችልኝ ምጥን ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽና በሶ አለ። ከሱቅ የገዛሁት ምስር ክክና ቅንጬም አለ። እንጀራ ሐሙስና እሑድ እገዛለሁ። ያጣሁት ጊዜ ነው። ጃኬቴን ካወለቅኩበት እስከሚበሉበት ያለኝ 20 ደቂቃ ብቻ ነው። በዚህ ሰዓት የሚደርስ፣ የቤት ምግብ የሚመስል፣ የጾም ነገር የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ። እሑድን ነጻ ነኝ።

እትዬ (አሌክሳንድሪያ)

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ። እኔም አራት ልጅ ሆቴል እየሠራሁ ነው ያሳደግኩት።

ጊዜሽን የሚበላው ሽንኩርቱ ነው እንጂ ሽሮ ራሱ ምን ጊዜ ይወስዳል? ስለዚህ ሽንኩርቱን እሑድ ጨርሺው። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ ሦስት ኪሎ ያህል አድቅቀሽ ክተፊ። በትልቅ ድስት መጀመሪያ ያለ ዘይት አቁላዪው፣ ውሃው ይምጠጥ። ከዚያ ዘይት ጨምሪ። ከዚያ በርበሬውን ጨምረሽ እሳቱን ቀንሺ፣ እንዳያርብሽ ጠብ ጠብ እያደረግሽ ውሃ ስጪው። አትቸኩዪ። አንድ ሰዓት ቢፈጅም ይፍጅ። የሳምንቱ ጣዕም እዚያ ድስት ውስጥ ነው ያለው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል መጨረሻ ላይ።

ሲቀዘቅዝ ለአንድ ማታ የሚበቃሽን እየለካሽ በፕላስቲክ ከረጢት አድርጊና ፍሪዘር ውስጥ ጠፍጠፍ አድርገሽ አስተኚው። ከወፈረ ቶሎ አይቀልጥም። ማታ ስትገቢ ከረጢቱን ድስት ላይ ገልብጪው፣ ውሃ ጨምሪ። እስኪፈላ ልብስሽን ቀይሪ። ሽሮውን ደረቁን አትነስንሺ፣ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ ጨምሪው፣ አይጓጉልብሽም። አሥር ደቂቃ ይንተክተክ። ዘይቱ ከላይ ሲወጣ አውጪው። የእናትሽ ሽሮ ምጥን ከሆነ ሌላ ቅመም እንዳትጨምሪ። እሷ ጨርሳዋለች።

ሹፌሩ (ሲያትል)

እትዬ ያሉት ልክ ነው። ግን ሽሮ ቢያንስ ቆሞ ማማሰል ይፈልጋል። እህቴ ቀኑን ሙሉ በእግሯ ስትሄድ ነው የዋለችው። እኔ ድርቆሹን አስቀድማለሁ። ያንኑ ቁሌት ውሃ አብዝተሽ አፍዪው፣ ጨው ቅመሺ፣ እሳቱን አጥፊ። ከዚያ ድርቆሹን ጨምረሽ ክደኚው። ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል። እሳት ላይ እያለ ከጨመርሽው ይላቁጣል፣ ልጆች ደግሞ የላቆጠ አይወዱም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስለ ልጆቹ ነገርሽን፣ ስለ ባለቤትሽም ነገርሽን። አንቺ ቀን ምን ትበያለሽ? እኔ ከባድ መኪና ነው የምነዳው። በጾም ባዶ ሆዴን ውዬ ማታ ላይ እጄ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ጭብጦ ይዤ ነው የምወጣው። በሶውን በትንሽ ውሃና ዘይት ለውሺው። ጨው፣ ከወደድሽ በርበሬ ጨምሪበት። በጭብጥሽ አድቦልብለሽ በፎይል ጠቅልዪው። ኪስ ውስጥ ይገባል፣ አይፈስም፣ መሞቅ አይፈልግም። ሁለቱ ሆድ ይይዛሉ። በጓንት እጅም ይበላል። እባክሽ ይሄን አትተዪ።

የፖስተኛ ልጅ (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። አባቴ ዋናው ፖስታ ቤት ደብዳቤ በመለየት ነው ጡረታ የወጣው።

እኛ ሰፈር ደብዳቤ ቤት ድረስ መጥቶ አያውቅም። ሰው ነው ወደ ደብዳቤው የሚሄደው። የፖስታ ሣጥናችን ቁልፍ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ነው ያደግነው፣ ሣጥኑን ከፍቶ ማየት ደግሞ የእኔ ሥራ ነበር። አባቴ ስለ ድሮ መልእክተኞች ሲነግረን ይወዳል። በ1886 ዓ.ም. በአጤ ምኒልክ ጊዜ ፖስታ ቤት ከመቋቋሙ በፊትም ሆነ በኋላ፣ ደብዳቤውን በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ሰክተው በእግራቸው አገር ያቋርጡ ነበር። ስንቃቸው በሶ። ዛሬ የአንቺንና የወንድማችንን ሳነብለት «አየሽ!» አለኝ፣ እንዴት ደስ እንዳለው። በርቺ በይልኝ ብሎሻል።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ። ባለቤትሽ ወጥ ባይሆንለትም ውሃ ማፍላት አያቅተውም። ምስር ክክ መዘፍዘፍ አያስፈልገውም። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አጥቦ ይጣደው፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይበስላል። አንቺ ገብተሽ ቁሌቱን ትጨምሪበታለሽ፣ ምስር ወጥ ሆነ ማለት ነው። ቅንጬም እንደዚሁ ነው። ሲበስል በጨውና በዘይት ማሸት ብቻ ነው የሚቀርሽ። እሱም እጁ ይግባበት።

የሁለት ልጆች እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እህቶቼ፣ ወንድሜ፣ እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳምንቱን ላውራችሁ።

እሑድ ቁሌቱን ሠራሁ። በርበሬው ሲገባ የጭሱ ማስጠንቀቂያ ጮኸ፣ መስኮቱን ሁሉ ከፍተን ጃኬት ለብሰን ተቀመጥን። ትልቁ ልጄ ከረጢቱን እየያዘልኝ ስምንት ሞላን። ጠፍጠፍ አድርገን እንደ ደብዳቤ ደረደርናቸው።

ሰኞ ሽሮ። ሰዓት ይዤ ነበር፣ 17 ደቂቃ ፈጀ። ማክሰኞ ድርቆሽ። ሹፌሩ ልክ ነህ፣ እሳቱን አጥፍቼ ነው የጨመርኩት፣ አልላቆጠም። ግን ለትንሿ በጣም አቃጠላት፣ ውሃ እየጠጣች ነው የበላችው። ረቡዕ ከሥራ ስገባ ምስሩ በስሎ ጠበቀኝ። ባለቤቴ ክዳኑን ከፍቶ አሳየኝና ወጣ። በረንዳው ላይ ሆኖ በመስኮት ሲመለከተን አየሁት። አውቶቡሱ ሊያመልጠው ነበር።

ጭብጦውንም ይዤ ወጣሁ። እኔ እስከ ስድስት ሰዓት ነው የምጾመው። ከአንዱ ጎዳና ወደ ሌላው ስሻገር መኪናው ውስጥ በላሁት። አባትሽን ሰላም በይልኝ፣ እያሰብኳቸው ነው የበላሁት።

ትንሿ ደግሞ ሐሙስ ማታ እጇን ታጥባ ቀድማ ጠረጴዛው ጋ ጠበቀችኝ። «ዛሬ የእኛ ነው አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

እትዬ፣ አንድ ጥያቄ ልጨምር። ለእሷ በርበሬ የሌለው ቁሌት ለብቻው ሠርቼ ማስቀመጥ እችላለሁ?

እትዬ (አሌክሳንድሪያ)

እንዴታ ልጄ። አልጫ ቁሌት ነው። ሽንኩርቱን ሳይጠቁር አቁላዪው፣ ነጭ ሽንኩርት አብዢበት፣ እርድ ጣል አድርጊ። ከምስር ክክም ከአተር ክክም ይሄዳል። ከረጢቱ ላይ ስሟን ጻፊበት፣ ከቀዩ ጋር እንዳይቀላቀልብሽ። ፍሪዘር ስትከፍት ስሟን ታንብበው።