የተምች ወጥመዴ ወንዶቹን ብቻ ለምን ይይዛል?

ጠያቂው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ አካባቢ ግማሽ ሄክታር በቆሎ አለኝ። ለመጤው ተምች የፌሮሞን ወጥመድ (ነፍሳቱን በራሳቸው መጠራሪያ ሽታ የሚስብ) ሰቅዬ በመጀመሪያው ሳምንት 11 የእሳት እራት፣ ማለትም ያደገው ተምች፣ ገባልኝ። የልማት ሠራተኛችን የክንፋቸው ጫፍ ላይ ያለውን ነጭ ምልክት አሳይቶኝ «ሁሉም ወንድ ናቸው» አለ። እንቁላል የምትጥለው ግን ሴቷ አይደለችም? ሽታ የያዘችውን ላስቲክ ከቀየርኩ ወዲህ ደግሞ ወጥመዱ ባዶ ነው። የቀየርኳት በባዶ እጄ ሲሆን፣ በዚያው ጠዋት የሌላውን ተባይ፣ የጓይ ትሉን፣ ወጥመድ ላስቲክም ቀይሬ ነበር።

የባዮሎጂ መምህር፦ ላስቲኳ የያዘችው የሴቷን ጥሪ ነው። ሴቷ ማታ ማታ ከሆዷ ጫፍ ሽታ ትለቃለች፤ ተከትሎ የሚመጣው ወንዱ ነው። አንቴናው በደቃቅ ጸጉሮች የተሸፈነ ሲሆን ጸጉሮቹ ወንፊት ናቸው። ሽታው በቀዳዳዎቹ ይገባል፤ ቅባት ነክ ስለሆነ ግን በውስጣቸው ያለውን ፈሳሽ ብቻውን አይሻገርም። አንድ ፕሮቲን አዝሎ ወደ ነርቩ ያደርሰዋል። ከዚያ ኢንዛይም ያፈራርሰዋል፤ ባይፈርስ ኖሮ የቅድሙ ሽታ ከአሁኑ ጋር በተምታታበት። በ1959 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ኬሚስት አዶልፍ ቡተናንት የሐር እራትን ሽታ ለይቶ ለማውጣት ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሴት እራቶች አስፈልገውታል! የዚያ እራት ወንድ በአንድ አንቴናው ላይ 17,000 ያህል እንዲህ ያሉ ጸጉሮች አሉት፤ አንዱን ነርቭ ለመቀስቀስ አንዲት ሞለኪውል ትበቃለች።

ጠያቂው፦ መምህር፣ አንቴናው ላባ ይመስላል ሲባል ሰምቼ ነበር። እኔ የያዝኩት ግን ቀጭን ክር ነው። ሌላ ነፍሳት ይሆን?

የባዮሎጂ መምህር፦ ላባ የሚመስለው የሐር እራቱ ነው። የተምቹ ክር መሰል ነው፤ አትሥጋ።

የሰብል ጥበቃ ባለሙያ፦ ወንድሜ፣ ጥፋቱ እጅህ ላይ ይመስለኛል። የተምቹ ሽታ በልክ የተቀመመ ድብልቅ ነው። የሌላ ዝርያ ሽታ ከነካካው ወንዱ ደጃፍ ደርሶ ሊመለስ ይችላል። ያችን ላስቲክ አስወግዳት፣ ወጥመዱን በሳሙና እጠበው፣ አዲሷን በንጹሕ ጓንት አስገባ። የተረፉትን እንደታሸጉ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ የጓይ ትሉን ለብቻ አስቀምጥ። ደግሞም ወጥመድ እራቱ መምጣቱን ይነግርሃል እንጂ በቆሎህን አያድንም፤ አንድ ወንድ ከብዙ ሴቶች ጋር ስለሚገናኝ የተያዙት ቢጎድሉም እንቁላሉ አይቀርም። ቁጥሩ ሲጨምር ማሳው ውስጥ ገብተህ መሐል ቅጠሉን እየፈለቀቅህ ትሉን ልቀም።

ሌላ አባል፦ አሮጌዋን ላስቲክ የት ጣልካት? ማሳው ዳር ከሆነ እሷም ትጠራለች።

ጠያቂው፦ ወጥመዱ ሥር ነው የጣልኳት። አሁን ሄጄ ላንሳት።