ከቦረና የመጣው የአፈር ናሙና ከታች በኩል ካርቦኑ በዛ፤ እባካችሁ ፈጥናችሁ እርዱኝ

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ነገ ከሰዓት በኋላ ውጤቴን ለአማካሪዬ ማቅረብ አለብኝ፤ ሆኖም ዛሬ ጠዋት ከቤተ ሙከራ የደረሰኝ ሰንጠረዥ ሊገባኝ አልቻለም። ናሙናዎቹን የወሰድኩት ከያቤሎ አካባቢ፣ ከክፍት ግጦሽ፣ ከካሎ (ተከልሎ ከሚጠበቅ ግጦሽ) እና ቁጥቋጦ ከወረረው መሬት ነው። ከላይ ባለው 20 ሴንቲ ሜትር ካርቦኑ 1.4 በመቶ ሲሆን ከ60 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ባለው ግን 2.3 በመቶ ይላል፤ የጠበቅሁት ከታች እንዲያንስ ነበር። ድርቁ ካርቦኑን ወደ ታች ገፍቶታል የሚል ምዕራፍ ጀምሬ ነበር፤ አሁን ግን መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ሠጋሁ። 96ቱንም ናሙና እንደገና ለማስለካት ገንዘቡም ጊዜውም የለኝም።

የቆላ ሰው፦ ልጄ፣ ከቁጥሩ በፊት መሬቱን ማወቅ ይገባል። ቦረና ዝናብ የሚያገኘው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ «ገና» በሚባለው ዋና የዝናብ ወቅት እና «ሀገያ» በሚባለው አጭር የዝናብ ወቅት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ ደግሞ አምስት ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው እጅግ ብዙ ከብት አልቋል። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መንግሥት የሣር ቃጠሎን ስለከለከለ፣ አርብቶ አደሩ በእሳት ሲቆጣጠረው የኖረው ግራርና ቁጥቋጦ ሣሩን እየተካ መጣ። ሥሩ ጥልቅ የሆነ ተክል ሥረ አጭሩን ሣር ሲተካ ካርቦኑ የሚቀመጥበት ቦታም አብሮ ይለወጣልና የመሬቱን ታሪክ ሳትጠይቅ አትጻፍ።

ላብ ቴክኒሻን፦ ጋሼ ያሉት እውነት ነው፤ የጠያቂው ችግር ግን ከዚያ የቀረበ ይመስለኛል። ሁለት ነገር ይንገሩን፤ የተለካው በምን ዘዴ ነው? ናሙናው ከመለካቱ በፊትስ በአሲድ ታጥቧል?

ጠያቂ፦ በቃጠሎ የሚለካው መሣሪያ ነው። አሲድ አልነካውም። ከታች ያለው ዋልካ ነጫጭ ጠጠር ነበረበት፤ ከአፈሩ ጋር አብሬ ፈጨሁት። ይህን መጻፍ ያስፈልጋል ብዬ አላሰብኩም።

ቀልደኛው፦ እንግዲያው የለኩት ካርቦን ሳይሆን ኖራ ነው። አሲድ ጠብ ሲያደርጉበት እንደ አምቦ ውሃ ከተንጨረጨረ፣ ለአማካሪዎ ብርጭቆ ይዘው ይሂዱ።

ላብ ቴክኒሻን፦ ቀልዱ ትክክል ነው። መሣሪያው አልተበላሸም። በከፍተኛ ሙቀት ሲያቃጥል ከዕፅዋት የመጣውንም በካርቦኔት (በኖራው) የታሰረውንም ካርቦን ሳይለይ ይደምራል፤ በደረቅ አገር ደግሞ ዝናቡ ኖራውን አጥቦ ስለማይወስደው ከታች ይጠራቀማል። ስለዚህ 96ቱን አያስለኩ። ከእያንዳንዱ ናሙና ትንሽ ወስደው 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ያድርጉበት፤ የሚፈላውን ለብቻ ይለዩ። የሚፈላውን በብር ካፕሱል መዝነው በጥቂት የተጣራ ውሃ ያርጥቡት፤ ክዳን ባለው ዴሲኬተር (አየር በማያስገባ የመስታወት ዕቃ) ውስጥ ካልተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር አስቀምጠው ቢያንስ ስድስት ሰዓት በጭሱ ያቆዩት። ኖራው ብዙ ከሆነ ይድገሙት። ከዚያ በ60 ዲግሪ በደንብ አድርቀው ያስለኩ፤ የአሲዱ ትነት ከተረፈበት መሣሪያውን ያበላሻል፣ ያን ጊዜ ወቀሳው ለእኔ ነው። የቆርቆሮ ካፕሱል አይጠቀሙ፣ አሲዱ ይበላዋል። ወደፊት ደግሞ ከመፍጨት በፊት በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይንፉት።

አዲስ አባል፦ አሲድ ያድርጉበት። እኔም እንዲሁ ሠርቶልኛል።

ቀልደኛው፦ እናመሰግናለን፤ ይህን ገና መስማታችን ነው።

ሒሳብ ወዳድ፦ ለነገ የሚደርስ መንገድ ልጨምር። ቤተ ሙከራችሁ ካልሲየም ካርቦኔትን የሚለካ ካልሲሜትር ካለው፣ ከካርቦኔቱ ክብደት 12 በመቶው ካርቦን ነው። ለምሳሌ ከታች ያለው አፈር 10 በመቶ ካርቦኔት ቢኖረው 1.2 በመቶ ካርቦን የኖራው ድርሻ ነው፤ ከ2.3 ሲቀነስ 1.1 ይቀራል፣ ይህም ከላይኛው ያነሰ ነው። ዎክሊ ብላክ የተባለው የቆየ የካርቦን መለኪያ ዘዴም ኖራን አይቆጥርም፤ ጨው በበዛበት አፈር ግን ክሎራይዱ ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል።

ተከራካሪ፦ እኔ የምቃወመው ጥያቄውን ራሱን ነው። ድርቅ ካርቦንን እንደ ውሃ ወደ ታች አይገፋም። ሣሩ ሲደርቅና ሥሩ ሲሞት ወደ አፈር የሚገባው ይቀንሳል። ዝናብ ሲመለስ ደግሞ የደረቀው አፈር በድንገት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል፤ ይህንን ቢርች የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እዚሁ ጎረቤት ኬንያ ውስጥ አሳይቶታል። ቁጥቋጦውንም በጭፍን አትውቀሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ዓመታዊ ዝናባቸው ከ200 እስከ 1100 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ቦታዎችን አነጻጽሮ፣ ቁጥቋጦ ሲገባ የደረቁት የአፈር ካርቦን ሲያተርፉ እርጥቦቹ ሲያጡ አግኝቷል። ቦረና የቱ ጋር እንደሚወድቅ ለክቶ ማሳየት እንጂ ድምዳሜውን አስቀድሞ መጻፍ አይገባም።

የቆላ ሰው፦ እኔስ ቁጥቋጦውን መቼ ወቀስኩ? ሣሩ ለከብቱ ጠፋ ማለት ካርቦኑ ጠፋ ማለት አይደለም፤ አርብቶ አደሩ ግን የሚኖረው በከብቱ እንጂ በካርቦን አይደለም።

ሒሳብ ወዳድ፦ በመቶኛ ብቻ ማነጻጸርም ያሳስታል። ካርቦኑ 1.5 በመቶ፣ የአፈሩ ጥግግት (የአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ደረቅ አፈር ክብደት) 1.2 ግራም ቢሆን፣ በ30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ በሄክታር 54 ቶን ይሆናል። ከብት ረግጦት ጥግግቱ 1.35 ቢደርስ ያው መቶኛ ወደ 61 ቶን ይጠጋል፤ አንድም ግራም ካርቦን ግን አልተጨመረም። ስለዚህ ክፍት ግጦሹንና ካሎውን በእኩል ጥልቀት ሳይሆን በእኩል የአፈር ክብደት ያነጻጽሩ። ዋልካ ደግሞ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የጥግግት ናሙናውን ሲወስዱ አፈሩ እርጥብ ነበር ወይስ ደረቅ?

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ከታችኛው ንብርብር በአምስቱ ላይ አሲድ አንጠባጥቤ አራቱ ፈልተዋል። የድርቁን ምዕራፍ ሰርዣለሁ። ጥግግቱን የለካሁት ግን ከላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ሒሳብ ወዳድ፦ ታዲያ ከታች ያለውን ክምችት በምን አስልተው ነው በቶን የሚያቀርቡት?

ላብ ቴክኒሻን፦ ጠያቂው ካነበቡት፣ የነገውን ሰንጠረዥ በ20 ሴንቲ ሜትር ላይ ያቁሙት፤ የታችኛውን ጥግግት ለመለካት ጉድጓዱ ገና ካልተደፈነ የጥግግት ናሙና መውሰጃውን የብረት ቀለበት ይዘው ይመለሱ።