መዝገቡ በማን እጅ ይሁን? ራሱን ስለቻለ ማኅበረሰብና ስለ ክፍት ቴክኖሎጂ የተደረገ ክርክር

መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ

ለክርክር የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ የገበሬ ማኅበር ውሃውን፣ እህሉንና መዝገቡን ራሱ ማስተዳደር ሲችል፣ የሚጠቀምበትም ሶፍትዌር ማንም ሊመረምረውና ሊያርመው የሚችል ክፍት ሲሆን፣ ዴሞክራሲ ከምርጫ ቀን አልፎ የዘወትር ልማድ ይሆናል። ደቦና ወንፈል፣ እድርና እቁብ ላለን ሰዎች ይህ ባዕድ አይደለም። ሊኑክስ የተባለው ክፍት የኮምፒውተር ሥርዓት እንኳ በ1991 እ.ኤ.አ. ከአንድ የፊንላንድ ተማሪ እጅ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው ደቦ በሚመስል ሥራ ነው፤ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ያርማል፣ ውጤቱ የሁሉም ይሆናል።

የሕግ ባለሙያ፣ ከቢቸና

መምህር፣ በደቦ የሚታጨደው ማሳ የባለማሳው እንጂ የደቦው አይደለም፤ ምሳሌዎ እዚህ ላይ ይሰናከላል። ዋናው ጥርጣሬዬ ግን ሌላ ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ የተቋቋሙት የገበሬ ማኅበራት መሬት የማከፋፈልና በአካባቢያቸው የመዳኘት ሥልጣን ተሰጥቷቸው ነበር፤ ብዙ ሳይቆዩ ግን የኮታ እህል ሰብሳቢና የውትድርና መልማይ ሆነው አረፉት። ታንዛኒያም በአሩሻ መግለጫዋ፣ እርሱም በ1967 ነው፣ የፈረንጆቹ ቁጥር በአጋጣሚ ከእኛው ገጠመ እንጂ፣ ራስን መቻልን መርሕ አድርጋ ተነሥታ ጥቂት ዓመታት ቆይታ ገበሬውን በግድ በመንደር ሰብስባለች። ሰብሳቢውን መሻር የማይችል አባል ያለበትን ማኅበር፣ ጎተራው ሙሉ ስለሆነ ብቻ ዴሞክራሲያዊ ልንለው አንችልም።

የግብርና ባለሙያ፣ ከቡሬ

ክርክሩን ወደ ቦዩ ላውርደው። አንድ የማውቀው የመስኖ ማኅበር፣ ስሙን ልተወውና፣ የውሃ ተራውን በደብተር ይመዘግብ ነበር። ደብተሩ በፌስታል ተጠቅልሎ የውሃ ተራውን በሚያስከብረው በውሃ አባቱ ቤት ምሰሶ ላይ ይንጠለጠላል፤ በየስሙ ፊት የቀንና የሌሊት ተራው ተጽፎበታል፤ መፈረም የማይችለው አባል በሐምራዊ ቀለም የአውራ ጣቱን አሻራ አኑሮበታል። ከሁለት ዓመት በፊት መዝገቡ በጸሐፊው ስልክ ወዳለ መተግበሪያ ተዛወረ፤ ሥራው ፈጠነ፣ እኔም ካመሰገኑት አንዱ ነበርኩ። በመጋቢት፣ ሽንኩርቱ ውሃ በሚጠማበት ሰሞን፣ ጸሐፊው ገበያ ውሎ ስልኩን ተሰረቀ። የመተግበሪያው ባለቤት መዝገቡን ለመመለስ ክፍያ ጠየቀ፤ ኮዱም መረጃውም በእጁ ስለነበር ማኅበሩ ሌላ መንገድ አጣ። በዚያው ሳምንት ሁለት ጎረቤታሞች የአንዱን ሌሊት ተራ ሁለቱም የእኔ ነው ብለው አካፋ እንደያዙ ቦዩ ላይ ተገናኙ፤ ሽማግሌ ባይደርስ ኖሮ ደም ይፈስ ነበር። ዛሬ ማኅበሩ ወደ ደብተሩ ተመልሷል።

በ2009 እ.ኤ.አ. በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ያገኙት ኤሊኖር ኦስትሮም የኔፓልን መስኖዎች ጭምር አጥንተው እንዳሳዩት፣ የጋራ ሀብት የሚጠበቀው ተጠቃሚው በደንቡ አወጣጥ ላይ ድምፅ ሲኖረውና ጠባቂውም ለተጠቃሚው ተጠሪ ሲሆን ነው። ደብተሩን የምወደው ወረቀት ስለሆነ አይደለም፤ ማንኛውም አባል የውሃ አባቱ ደጃፍ ቆሞ «ገጹን ግለጥልኝ» ማለት ስለሚችል ነው።

የሶፍትዌር ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር

ኮዱ ክፍት መሆኑ ብቻውን ለአባሉ ገጹን አይገልጥለትም። የፋይዳ መታወቂያ የቆመው በሕንድ፣ ባንጋሎር በተሠራው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ምንጭ ሥርዓት ላይ ነው፤ ኮዱን ማንም አውርዶ ያነብበዋል፤ መረጃዬን ማን እንደሚያይና ለምን እንደሚያይ የሚወስኑት ግን ሕጉና ተቋሙ ናቸው። ክፍትነት የሚሰጠው መውጫ በር ነው፤ የቡሬው ማኅበር ቅጂውን በራሱ ኮምፒውተር ይዞ፣ መተግበሪያውም ክፍት ቢሆን ኖሮ፣ ሌላ ባለሙያ ያስቀጥለው ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ መቆየቱም መረሳት የለበትም። ኪዊክስ የተባለው ክፍት ሶፍትዌር ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት በአንድ አነስተኛ ኮምፒውተር ላይ ያስነብባል፤ የመንደር መዝገብም በዚሁ መንገድ እዚያው መንደር መቀመጥ አለበት።

መምህርት፣ ከሞጣ

በ1960 ዓ.ም. የግብርና ገቢ ግብር ሲታወጅ የእኛ አካባቢና የዳሞት ገበሬ ያመፀው ስለ ገንዘቡ ብቻ አልነበረም፤ ግምቱ ቀላድ፣ ማለትም የመሬት መለኪያ ገመድ፣ ያስጥላል፣ ቀላዱም ርስት ያስነጥቃል ብሎ ሰግቶ ነው። ጦር ዘመተበት፤ በኋላ ግን ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፣ ውዝፍ ግብሩም ተሰረዘ። ስለዚህ ሰው በማያየው መዝገብ ላይ መጻፍን እንደሚጠራጠር ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሆኖም ወንድሞቼ፣ በዚያ በተመሰገነው ደብተር ላይ የማን ስም ነው ያለው? የአባወራው ነው። በክልላችን የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን የተለጠፈው መንደሩ ተሰብስቦ ስለወሰነ ሳይሆን ሕግ ስላዘዘ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት የሌሊት ተራ ሲደርሳት፣ በጨለማ ቦይ ለቦይ ብቻዋን እንዳትሄድ ብሎ ተራዋን ወደ ቀን የሚያዛውርላት ደንብ ካልወጣ፣ ራሱን የቻለው ማኅበረሰብ እርሷን አልቻላትም።

መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ

የእህታችን ቃል ከሁሉም በላይ ከብዶኛል፤ ሐሳቤንም አጠብባለሁ። ራስን መቻልም ክፍት ኮድም ያለ ሦስት ነገሮች አይበቁም፦ አባሉ ሰብሳቢውን መሻር ይቻለው፣ መዝገቡን በፈለገ ጊዜ ይየው፣ ከመንደሩ ልማድ በላይ የሚጠብቀው ሕግም ይኑረው። የቡሬው ወንድማችን፣ የሳምንቱ ተራ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአደባባይ ቢነበብ፣ የሴቶቹም ስም በየራሳቸው ቢገባ፣ ማኅበሩ ይቀበለዋል?

የግብርና ባለሙያ፣ ከቡሬ

ንባቡን ይቀበሉታል። ስሙን በተመለከተ ግን የውሃ አባቱን ሳነጋግራቸው «ተራው የማሳው ነው፣ ማሳው አንድ፣ ስሙም አንድ» ብለውኛል። የይዞታ ደብተራቸውን አምጥተው ሁለቱን ፎቶዎች እንዲያሳዩኝ ጠይቄአቸዋለሁ፤ እስካሁን አላመጡትም።